የትርሲት እሺ

(ደሴ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ መጽሐፍ ማከራያ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚያጋንነው አከራይ ጋሼ ጉልላትና ደንበኛው ትርሲት፣ መሀላቸው አንድ የተመለሰ ልብ ወለድ ተቀምጦ ይነታረካሉ።)

ትርሲት፦ አልሳቅኩም አልኩዎት እኮ። ሌላ ይስጡኝ።

ጉልላት፦ በዚህች መጽሐፍ? ኧረ በሕግ! አንዲት ሴትዮ ጥርሷን ልትነቀል ወረፋ ይዛ ይቺን ስታነብ፣ ከሳቋ ብዛት ጥርሱ በገዛ ራሱ ዘሎ ወጣ። ሐኪሙ እስከ ዛሬ ተቀይሟታል።

ትርሲት፦ እሺ።

ጉልላት፦ ምን እሺ ትያለሽ! ውሸታም በይኝ እንጂ። ድሮ «ጋሼ፣ ደግሞ ጀመረዎት» እያልሽ ታበሽቂኝ አልነበር?

ትርሲት፦ ውሸታም ነዎት። ይኸው አልኩ። አሁን ሌላ ይስጡኝ፤ የዘመኑን፣ ፍቅርም ሳቅም ያለበትን።

ጉልላት፦ መደርደሪያውን ጨረስሽው እኮ! ሰው ሳይጥመው እንዲህ ይበላል?

ትርሲት፦ እየሞከርኩ ነው። እስከ እሑድ አንዴ እንኳ ሳቅ ካመለጠኝ፣ ውስጤ ሰው አለ ማለት ነው።

ጉልላት፦ እሑድ ደግሞ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ ሽማግሌ ይመጣል። እኔን ሊጠይቅ።

ጉልላት፦ እሰይ! ማን ነው የላካቸው?

ትርሲት፦ አምሳሉ። ይቺን መነጽር የሠራልኝ።

ጉልላት፦ መነጽር ቤት ያለው አምሳሉ? እሱማ ወርቅ ልጅ ነው! ለኔ ድመት መነጽር ቢሠራላት፣ አሁን አይጥ የምትይዘው ከሩቅ እያማረጠች ነው።

ትርሲት፦ ጥሩ ሰው ነው።

ጉልላት፦ «ሊዘንብ ነው» እንደሚል ሰው ነው እንዴ የምታወሪው? ትወጂዋለሽ?

ትርሲት፦ እንጃ። አልጠላሁትም። እጄን ብቆነጥጠው እንኳ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለኝ።

ጉልላት፦ ታዲያ ምን ብለሽ ሽማግሌ አስላክሽ?

ትርሲት፦ እሺ ብዬ። የእማዬ ለቅሶ ላይ የለመደብኝ ነው። በርቺ ሲሉኝ እሺ፣ ቅመሽ ሲሉኝ እሺ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ ሲሉኝም እሺ። እንባ ግን ጠብ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ አፌ ብቻውን ነው የሚመልሰው። አምሳሉም ደውሎ ሲያወራ፣ ሲያወራ ቆየና ዝም አለ። ተራዬ የደረሰ መሰለኝ፤ እሺ አልኩ። በማግስቱ አክስቴ እልል እያለች መጣች።

ጉልላት፦ ቆይ፣ ቆይ። ምን እንደጠየቀሽ አልሰማሽም?

ትርሲት፦ አልሰማሁም።

ጉልላት፦ ልጁ ትንፋሽ እያጠረው ላግባሽ ሲልሽ፣ አንቺ ምን ላይ ነበርሽ?

ትርሲት፦ ይቺኑ እያነበብኩ።

ጉልላት፦ የቱ ጋ ደርሰሽ?

ትርሲት፦ ልጅቷ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ሠርግ ላይ ተሳስታ ትገባና፣ ከእናቱ ሸሽታ ቁም ሳጥን ውስጥ ትደበቃለች። ለካ ቁም ሳጥኑ ለሙሽሮቹ የተገዛ ስጦታ ነው። እሷን ውስጡ እንዳለች ተሸከሙት። ደረጃው ወገብ ላይ ሲደርሱ አስነጠሳት።

ጉልላት፦ ከዚያስ?

ትርሲት፦ ከዚያማ አንደኛው ተሸካሚ ቁም ሳጥኑን «ይማርህ!» አለው።

ጉልላት፦ ትርሲት።

ትርሲት፦ ሌላው ደግሞ ተቆጣው፤ «ድምፁ የሴት ነው፣ ይማርሽ በላት እንጂ!»

ጉልላት፦ ትርሲትዬ! አወራርሽን ሰማሽው? ላግባሽ ሲሉት ያልሰማ ጆሮ፣ ቁም ሳጥን ሲያስነጥስ ጥርት አድርጎ ሰምቷል! ይሄ ነው የደነዘዘ ሰው?

ትርሲት፦ አልሳቅኩም እኮ።

ጉልላት፦ ሳቁ ይቆይሽ። እኔ የፈራሁት እሑድን ነው። ልጁ ያልሰማሽውን ቃል ይዞ ጎጆ ሊሠራበት ነው። ደውዪለት። አሁኑኑ።

ትርሲት፦ ምን ልበለው?

ጉልላት፦ እውነቱን። እኔ እንኳ ሞክሬው አልሆነልኝም፤ አንቺ ትችይዋለሽ።

ትርሲት፦ ሄሎ፣ አምሳሉ? ትርሲት ነኝ። ያን ዕለት የጠየቅከኝን... አልሰማሁትም ነበር። እሺ ያልኩህ እንዲሁ ነው፣ አፌ ነው። ... ምን አልክ? ቆይ፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ አላሰማ አለኝ፤ ወደ ጓሮ ዞር ብዬ ላናግርህ።

ጉልላት፦ ... መጣሽ? ነፍሴን ጨረስሻት እኮ! ምን አለሽ? ጮኸብሽ?

ትርሲት፦ አልጮኸም። «ገጽ ስትገልጪ በስልኩ ይሰማኝ ነበር» አለኝ።

ጉልላት፦ እያወቀ ነው ሽማግሌ የላከው?

ትርሲት፦ «ደግሜ ብጠይቅሽ፣ አዳምጠሽ እምቢ እንዳትዪኝ ፈራሁ» አለኝ።

ጉልላት፦ አቤት! እና እሑድስ?

ትርሲት፦ «ሽማግሌዎቹ ይቆዩ፤ አንተው ራስህ ና። እምቢም ብልህ፣ ሰምቼህ ነው የምልህ» አልኩት።