የዳንግላው መኪና እስኪሞላ

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። እህል በጎተራ ሲከርም ነቀዝ ያገኘዋል፤ ያልተነገረ ቃል ግን በሆድ ውስጥ የቱንም ያህል ቢቆይ አይበላሽም፣ ባለቤቱንም አያሳፍርም ማለታቸው ነው። ለአባባሉ ብዙ ምስክር ማቅረብ ይቻላል። በታኅሣሥ ወር በአንድ ሐሙስ ጧት በቆሰበር መናኸሪያ የሆነው ነገር ግን ከምስክሮቹ መካከል አይቆጠርም።

ጉሙ ገና ከመናኸሪያው ቆርቆሮ ላይ አልተነሣም ነበር። ወደ ዳንግላ የሚሄደው ሚኒባስ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቆሟል፤ ረዳቱ ግን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዳንግላ፣ የሞላ! ዳንግላ፣ የሞላ!» እያለ ይጣራል። አቶ ባዘዘው ከጥርባ በስተጀርባ ካለው መንደራቸው ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ከዳንግላ መኪና ቀይረው፣ ከዐባይ ማዶ ወዳለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይዘልቃሉ። የሚሄዱት ልጃቸውን ማናለብሽን ከነሻንጣዋ ሊያመጧት ነው።

ማናለብሽ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። መምህራኖቿ ሥራ ካቆሙ አንድ ወር አልፏል። እሑድ ደግሞ የጎረቤታቸው የአድማሴ ሽማግሌዎች ለወንድ ልጁ ሊለምኗት ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ መጥተው አቶ ባዘዘው «ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው መልሰዋቸው ነበር። አሁን ሐሳባቸውን ለውጠዋል፤ ልጅቱን አምጥተው እሺ ሊሉ ቆርጠዋል።

የሾፌሩ ሬዲዮ ስለ መምህራኑ ሥራ ማቆም መናገር ጀመረ።

«ዝጋው እባክህ!» አሉ አቶ ባዘዘው። «አምስተኛ ሳምንት ይላል ደግሞ! እንደ ጽንስ ይቆጥሩታል።»

ከፊታቸው የድንች ጆንያ በጉልበቷ መካከል አቅፋ የተቀመጠችው ነጋዴ፣ ማሪቱ፣ ዞር አለች። የቆሰበር ገበያ ሁሉ ያውቃታል። «ጋሽ ባዘዘው፣ እነሱ ምን አለባቸው? ሲያስተምሩም ይበላሉ፣ ሲተኙም ይበላሉ» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአዊኛ ቀጠለች። «ከጎንዎ ያለው ባለ መነጽር ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። እጁን ይዩት፤ ድንች ነቅሎ የሚያውቅ እጅ አይደለም።»

አቶ ባዘዘውም በዚያው ቋንቋ መለሱ። «የአዲስ አበባ ሰው ይመስላል፤ አይሰማንም። ቢሆንስ? የልጄን ዕድሜ ሰርቆ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሌባ ነው።»

ባለ መነጽሩ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ነገር ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገና በጠራ የግምጃ ቤት አገር አዊኛ ተናገረ።

«አባቴ፣ እጄ ድንች ነቅሏል፤ በኋላ ነው የለሰለሰው። ምስጋናው እባላለሁ። ልጅዎ በምትማርበት ይሁን በሌላ አላውቅም እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ሥራ ካቆሙትም አንዱ ነኝ።»

ማሪቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ውይ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!» ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቱ ነገሩ ስላልገባው «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

አቶ ባዘዘው አፈሩ፤ ሆኖም የተናገሩትን የሚክዱ ሰው አልነበሩም። ሁሉም እንዲሰማቸው በአማርኛ «ሰድቤሃለሁ፣ አልዋሽም» አሉ። «ስድቡን አንሥቼልሃለሁ። ጥያቄዬን ግን አልተውልህም።»

«ይጠይቁኝ አባቴ።»

«እኔ ገበሬ ነኝ። ዝናቡ አስቀየመኝ ብዬ ማረሴን ባቆም ማን መጥቶ ይለምነኛል? እናንተ የተጣላችሁት ከበላዮቻችሁ ጋር ነው። የተመታችው ግን ልጄ ናት። ከበሬው ተጣልቶ ጥጃውን የሚመታ ሰው በእናንተ መጽሐፍ ምን ይባላል?»

«እሰይ!» አለች ማሪቱ ከነጠላዋ ውስጥ።

ምስጋናው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ጥያቄዎ እውነት አለው። ልጅዎ ተጎድታለች፤ ይህን የሚክድ መምህር ቢኖር አልከራከርለትም። ነገር ግን ጉዳቷ የጀመረው እኛ ያቆምን ዕለት አይደለም። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በቤተ ሙከራችን የሚቀላቀል ነገር ካለቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ፈሳሹ ቀለሙን ሲለውጥ ማሳየት ሲገባኝ፣ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ‹እዚህ ላይ ሰማያዊ ሆነ በሉ› እላቸዋለሁ። ጠመኔው ደግሞ ነጭ ብቻ ነው። ተማሪዎቼም ‹ሰማያዊ› ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ተምረው ተመርቀው ሄደዋል፤ ‹ተምረዋል› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ባዘዘው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ።

«ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ» አለ ምስጋናው፣ «ሲመሽ ባጃጅ ይነዳል፤ ደመወዙ የቤት ኪራዩን አልፎ ለልጆቹ አልደርስ ብሎት። አንድ ምሽት የተሳፈረችው የራሱ ተማሪ ሆነች። ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ አደረሳት። እሷ ግን ስትወርድ ‹አመሰግናለሁ መምህር› አለችው። በማግስቱ ክፍል ገብቶ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።»

«እኔ ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ ለምን አልሰማሁም?» አሉ አቶ ባዘዘው።

«አራት ደብዳቤ ጽፈናል።»

«ለማን?»

«ለሚመለከታቸው የበላይ አካላት።»

«እኔንስ አይመለከተኝም?»

የተማረ ሰው አንዱ ድካም ይህ ነው፤ ደብዳቤውን ለማያነብለት ሲጽፍ ይኖራል፣ ለሚጨነቅለት ግን አንድ ቃል አይናገርም። ከዚያም ሕዝቡ ለምን እንዳልተረዳው ይገርመዋል።

ያን ጊዜ ማሪቱ ጣልቃ ገባች። «እንግዲህ እውነት ከተነሣማ እኛም አንድ ቅዳሜ ገበያ ቀርተናል» አለች። «ተራ አስከባሪዎቹ ድንች ሻጮችን ሁሉ ከቦዩ አጠገብ አስቀመጡን። ክረምት ነው፤ ውኃው በጆንያችን ሥር ይሄዳል። ብንለምን የሚሰማ ጠፋ። ከዚያ ሁላችንም ቤታችን ዋልን። በሳምንቱ ደረቅ ቦታ ሰጡን።»

«ታዲያ እትዬ፣ እርስዎም ሥራ አቁመው ነበር» አለ ምስጋናው ፈገግ ብሎ።

«አቁሜያለሁ! ግን እንዳንተ አይደለም፤ ደረትህን አትንፋ! እኛ ከሳምንት በፊት ለደንበኛው ሁሉ ነግረናል። ‹ለፊታችን ቅዳሜ ድንች አይኖርም፣ ከቦይ የወጣ ድንች ልናበላችሁ አልወደድንም› ብለን። ስለዚህ ስንቀር የሰደበን የለም፤ ደንበኛው ራሱ ተራ አስከባሪውን ሰደበልን። እናንተ ግን በራችሁን ዘግታችሁ ጠፋችሁ!»

ምስጋናው ይህን በደብተሩ ላይ ጻፈው። ማሪቱ የሚቀልድ መስሏት «ስሜንም ጻፈው» አለችው፤ ስሟንም ጻፈው።

አቶ ባዘዘው ግን ገና አልተረቱም ነበር። በሽማግሌ ወግ ዱላቸውን የመኪናው ወለል ላይ መታ አድርገው «ደግ» አሉ። «እውነታችሁን ይሁን። አላግባብ ሰድቤያችኋለሁ። ልጄ ግን ትመጣለች።»

«ከተረዱን በኋላም?»

«ከተረዳሁም በኋላ። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

ከሦስት ሳምንት በፊት ማናለብሽ በስልክ «መምህራኖቼ እውነት አላቸው፣ እጠብቃለሁ አባዬ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ስልኩን ዘጉባት። ከዚያ ወዲህ እሷም አልደወለችም፣ እሳቸውም አልደወሉም። «አልጠየቅኋትም» አሉ በአጭሩ።

መምህሩ አልተጫናቸውም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ የራሱን ተናገረ። «እኔ ሰኞና ረቡዕ ጧት በሁለት ሰዓት ነበር ክፍል የምገባው። አሁን በዚያ ሰዓት በእናቴ ቤት ተቀምጬ እጄ ጠመኔ ይፈልጋል። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሁልጊዜ ‹አልገባኝም መምህር› የምትል አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ታሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ‹አልገባኝም› ስትል ለመስማት ምን ብሰጥ ደስ ባለኝ። አባቴ፣ ሥራን የሚያቆም ሁሉ ጠልቶት አይምሰልዎ። ናፍቆት ይዞኛል።»

አቶ ባዘዘው «ናፍቆት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። በቀጥታ ለማንም ሳይሆን፣ ለያዙት ዱላ የሚነግሩ ይመስል ተናገሩ።

«የሚለምናት የጎረቤቴ የአድማሴ ቤት ከእኔ ደጅ ቆመው ሲጣሩ ይሰማል። በመካከላችን ያለው አንድ ወንዝ ነው። እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ፤ እሷም በዚያው ዓመት ሄደች። ባለፈው ሳምንት ፈረሴን ውኃ ላጠጣ ስጠራው ‹ማናለብሽ!› ብዬ ጠራሁት። ፈረሱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም የሰማኝ ሰው እንዳለ ዞር ዞር አልኩ።»

ማሪቱ ልትስቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ይህን ለማናለብሽ ነግረዋታል?» አለ ምስጋናው።

«ምን ነካህ ልጄ? አባት ለልጁ እንዲህ ይላል?»

«እኛም መምህር ለወላጅ ችግሩን ይናገራል እንዴ ብለን ነው ዝም ያልነው። ዝምታችንን አይተውታል፤ ሌባ አስባለን። የእርስዎ ዝምታ ደግሞ ልጅዎን ከትምህርቷ ሊያስቀር መኪና ተሳፍሯል። አባቴ፣ ከወንዙ ማዶ ቢድሯት ድምፅዋን ያገኙ ይሆናል። የምትለው ነገር ግን የሚወዱት ይሆን? አራት ዓመት ደክማ ለመጨረስ ስድስት ወር ሲቀራት፣ አባቷ ስለ ናፈቃት ብቻ እንደቀረች ባወቀች ቀን፣ ከደጅዎ ሲጠሯት በደስታ የምትመልስ ይመስልዎታል?»

ረዳቱ ሁለት ሰው አስገባ። ማሪቱ ጆንያዋን ጠጋ አደረገች።

አቶ ባዘዘው ቀና ብለው «መቼ ታስተምራላችሁ?» አሉ።

«አላውቅም፤ ልዋሽዎ አልፈልግም። የምሄደው ለቅዳሜው የመምህራን ስብሰባ ነው። እዚያ ለወላጆች በግልጽ እንድንጽፍ እጠይቃለሁ፤ እትዬ ማሪቱ እንዳደረጉት።»

«እሱ ብቻ አይበቃም» አሉ ሽማግሌው፤ አሁን ድምፃቸው እንደ ገበያ ሰው ጠንክሯል። «በወንፈል ለእኔ ሳያርስ የቀረ ሰው ቀኑን ይመልስልኛል። እናንተም የቀራችሁበትን ቀን ለተማሪው መልሱ። ዕረፍት ሳትሉ፣ በዓል ሳትሉ። ዓመቱ ሳያልፍ ትጨርስልኝ።»

«በዓልም ሳንል?»

«ገናም ቢሆን፣ ፋሲካም ቢሆን!»

«ይህንንም አቀርባለሁ። እንደሚቀበሉኝ ተስፋ አለኝ።»

የመጨረሻው ተሳፋሪ ዶሮዎቹን በእግራቸው አንጠልጥሎ ደረሰ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አቶ ባዘዘው ተነሥተው በማሪቱ ጆንያ ላይ ተሻግረው ወረዱ።

«አባባ፣ ወዴት? ሞልቷል እኮ!»

«ዛሬ ገና እውነት ተናገርህ። ወንበሬን ለሌላ ሰው ስጥ።»

ምስጋናው በመስኮቱ እጁን ዘረጋ፤ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። መኪናው ከሄደ በኋላ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ቆመው ስልካቸውን አወጡ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ኔትወርክ አልሠራ አለ፤ በአራተኛው ተነሣ።

«አባዬ? ምን ሆነህ ነው? ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። እሑድ ሽማግሌዎቹን እመልሳቸዋለሁ። አንቺ ትምህርትሽን ጠብቂ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ናፍቀሽኛል ልጄ። ፈረሱን በስምሽ ጠራሁት።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። አቶ ባዘዘው ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት። «ኔትወርኩ ጠፋ እንዴ?»

«አለሁ አባዬ» አለች ማናለብሽ እያለቀሰች። «እኔም ያን ዕለት ስልኩን ስትዘጋብኝ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።»

እንግዲህ አበው በአባባላቸው የቤተ ሰብንና የሕዝብን ጉዳይ አላሰቡም ይሆናል። ምሥጢር ዝም ሲባል አይነቅዝ ይሆናል፤ በሚዋደዱ ሰዎች መካከል ያለ ቅሬታና ናፍቆት ግን ሳይነገር ሲከርም ዱቄት ይሆናል። መምህር ለምን እንዳቆመ አስቀድሞ ቢናገር ወላጁ ከጎኑ ይቆማል፤ ወላጅም ፍርሃቱን ቢናገር መምህሩ የተማሪውን ጊዜ መመለስ ግዴታው መሆኑን ያስታውሳል። ልጅም የአባቷን ልብ ከራሱ አፍ ስትሰማ በሰላም ትማራለች።

እሑድ የአድማሴ ሽማግሌዎች መጥተው «እሷ ተመርቃ ስትመለስ ራሷን ጠይቋት» የሚል መልስ ተሰጣቸው። በዚያው ሳምንት የመምህራኑ ግልጽ ደብዳቤ ለወላጆች ወጣ፤ በቆሰበር መናኸሪያ ግድግዳ ላይም ተለጥፎ ነበር። ሥራ ማቆሙ በሰባተኛው ሳምንት አበቃ። ከጥያቄዎቹ የቤተ ሙከራው ብቻ ተመለሰ። ያመለጡትን ሳምንታት ለማካካስ በገናም በፋሲካም ትምህርት አልተቋረጠም፤ ስለዚህ አቶ ባዘዘው ልጃቸውን ያዩት ከዚያ ሐሙስ በኋላ በስምንተኛው ወር፣ በነሐሴ ነው።