አሥራ አራት ቀን የቆየ ደብዳቤ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኢትዮጵያ ጥዑመ ልሳን
ዕድሜ፦ 36
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሹም አቦ ክፍለ ከተማ
ሥራ፦ በመድን ድርጅት ቅርንጫፍ የውል ክፍል ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4፡40
ጉዳዩ፦ በአቶ ግሩም ገብረ መስቀል ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ብሩክ ክንዱ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ፣ በዚሁ ጉዳይ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ያን ዕለት ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ የት እንደቆየ ተጠይቄ አላውቅም ብያለሁ። እውነት አልነበረም። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ የመጣሁት ያንን ለማስተካከል ነው።

አቶ ሙሀመድየሱፍ አኒስን የማውቃቸው ካለፈው ጥቅምት ወር ጀምሮ ነው። ከባሕር ዳር ወረታ የሚሠራ አንድ ሚኒባስ አላቸው። ጥቅምት 11 ቀን ለሚኒባሱ የመድን ውል ሲገቡ ውሉን የሞላሁት እኔ ነኝ። አረቦኑን በአንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻሉ በየሦስት ወሩ፣ በአራት ጊዜ ከፍለው እንዲጨርሱ ተስማማን። እንዲህ ባለ ውል የምሠራበት ድርጅት የመኪናውን ሊብሬ እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ በመያዣነት ያስቀምጣል። የጥቅምቱንና የጥሩን ክፍያ ቀኑ ሳያልፍ ከፍለዋል።

መጋቢት 16 ቀን ጠዋት ወደ ቢሮ መጥተው ውሉ እንዲቋረጥላቸው ጠየቁ። ልጃቸው ሰሚሐ ሙሀመድየሱፍ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት እንዳቆሙ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ እጥበት እንደታዘዘላትና ለዚያ ሚኒባሱን ሊሸጡት እንደሆነ ነገሩኝ። ገዥ አግኝተዋል። የወረታ ነጋዴ ነው፤ ሊብሬው በተሰጠው ቀን ገንዘቡን ሊከፍል ተስማምቷል። እኔም ኮምፒውተሩን አይቼ ውሉን ያለ ጊዜው ለማቋረጥ ሠላሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር እንደሚከፍሉ፣ ያ ሳይከፈል ሊብሬው እንደማይለቀቅ ገለጽሁላቸው።

አቶ ሙሀመድየሱፍ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የስድስት ወር ከፍያለሁ፤ የተጠቀምሁበት አምስት ወር ነው። የተረፈውን መልሱልኝ አላልሁም። ያልተጠቀምሁበትን ለምን ታስከፍሉኛላችሁ?» አሉ። ውሉ ላይ እንዳለ ነገርኋቸው። የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጽሑፉ «ድርጅቱ የሚወስነውን ክፍያ» ይላል እንጂ የገንዘቡን መጠን አይጠቅስም። «ሠላሳ አንድ ሺህ የሚል እዚህ የለም» አሉ። ልክ ነበሩ። ወደ ሥራ አስኪያጃችን ወደ አቶ ግሩም አስገባኋቸው። አቶ ግሩምም ክፍያውን የማንሳት ሥልጣን የዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ መሆኑን አስረዷቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመላለሱ ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሰሚሐን ይዘዋት መጡ። ቀኑ ይሞቅ ነበር። ልጅቱ የባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ አየር ማራገቢያው አዞረች። ውሃ ላምጣልሽ ብላት «ግማሽ ብርጭቆ ብቻ፤ የቀን ውሃዬ ተለክቶ ነው የተሰጠኝ» አለችኝ። አባቷ ስለ ክፍያው መናገር ሲጀምሩ «አባ፣ እሷም ታዝዛ ነው» አለቻቸው። እኔ ያን ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከውን አቤቱታ በራሴ እጅ ጻፍሁላቸው። አንብበው ፈረሙ፤ በዚያው ቀን ላክሁት። ሲወጡ አቶ ሙሀመድየሱፍ መርቀውኛል።

መልሱ ዘገየ። ገንዘብ ሲያጥራቸው የሰሚሐ እጥበት በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ ቢሮ መጥተው ነግረውኛል። እኔም በስልክ ሁለት ጊዜ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቄ በሂደት ላይ ነው ተብያለሁ።

የዓመት ፈቃዴ ከሰኞ ግንቦት 18 ቀን ይጀምር ስለነበር እናቴ ወዳሉበት ወደ ዳንግላ ሄድሁ። ከመሄዴ በፊት ዓርብ ግንቦት 15 ቀን የቢሮውን ጸሐፊ መሲን ጠርቼ፣ እኔ በያዝሁት ጉዳይ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት ጠረጴዛዬ ላይ እንዲቆይ አዘዝኋት። ባለፈው ዓመት እኔ በሌለሁበት ሁለት ፋይሎች ተቀላቅለው ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ስለነበር ነው። መሲ አቶ ግሩም ቢያዩት አይሻልም ወይ ብላኝ ነበር። «እኔው ስመለስ አየዋለሁ፤ ማንም አይንካብኝ» አልኋት። ያልኋትን አደረገች።

ሰኞ ግንቦት 25 ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ አቶ ሙሀመድየሱፍ ዳንግላ እያለሁ ደወሉልኝ። ቢሮ ሄደው እንዳጡኝ፣ የስልክ ቁጥሬን ከጥበቃው እንደወሰዱ ነግረውኝ «ከአዲስ አበባ መልስ መጥቶ ይሆን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «ቢመጣ ይደውሉልኝ ነበር፤ አልመጣም» አልኋቸው። መሲን ደውዬ አልጠየቅሁም። በዚያ ሰዓት የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም፤ በእናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አቶ ሙሀመድየሱፍ ስላስቸገርሁሽ ይቅርታ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሰኔ 2 ቀን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የዋናው መሥሪያ ቤት ፖስታ አገኘሁ። ከፈትሁት። የማቋረጫው ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንደተነሣላቸውና ሊብሬው ወዲያውኑ እንዲሰጣቸው ያዛል። ፖስታው ላይ መሲ የመታችው ቀይ የገቢ ማኅተም ግንቦት 18 ይላል። ፈቃድ በወጣሁበት ቀን ማለት ነው። አሥራ አራት ቀን እዚያው ተቀምጧል።

ወዲያው ወደ አቶ ሙሀመድየሱፍ ስልክ ደወልሁ። ያነሡት ወይዘሮ ሐሊማ ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም «ደስ የሚል ነገር ልነግርዎ ነው» አልሁ። እሳቸው «ሰሚሐን ቅዳሜ ቀበርናት። የአረፋ ማግስት» አሉኝ። አላህ ያጽናዎት አልሁ። እሳቸውም ልነግራቸው የነበረውን ነገር አልጠየቁኝም። ከቢሮ ወጥቼ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ ጣና ዳር ቆምሁ። ማንን አነጋግሬ እንደነበር፣ ምን እንዳሰብሁ አላስታውስም። ተመልሼ የገቢው ማኅተም እንዲታይ ፖስታውን ከደብዳቤው ጋር አያይዤ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት፤ ፋይሉን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍሁበት። ለአቶ ግሩምም ለማንም አልተናገርሁም።

ሰኔ 4 ቀን ረቡዕ ከረፋዱ 4፡15 አቶ ሙሀመድየሱፍ ቢሮ መጡ። ጎረቤትና ዘመድ ለኀዘኑ ያዋጣላቸውን ገንዘብ በፌስታል ይዘው ነበር። እኔን አልፈው በቀጥታ ወደ አቶ ግሩም ክፍል ገቡ። «ልከፍል ነው የመጣሁ። መከራከሩ ይቅርብኝ። የሐኪም ቤቱን ዕዳ መኪናውን ሸጬ ልዝጋው» ሲሉ በተከፈተው በር ሰምቻለሁ። አቶ ግሩም ፋይሉን አምጪ አሉኝ። መሳቢያዬን ከፍቼ ወሰድሁላቸው። እዚያው ቆምሁ።

አቶ ግሩም የሰሚሐን መሞት አያውቁም ነበር። ደብዳቤውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አቶ ሙሀመድየሱፍ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ አንድ ሳንቲም አይከፍሉም። ተነሥቶልዎታል» አሉ። አቶ ሙሀመድየሱፍ ራሴ ላንብበው አሉና ተቀበሏቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ፖስታውን ገለበጡ፤ ማኅተሙ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይህ እዚህ የገባበት ቀን ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ግሩም «አዎ፣ እዚህ ቢሮ የገባበት ነው» አሉ። የማን ጠረጴዛ ላይ እንደነበር አልተናገሩም፤ አያውቁምም። እኔ አውቅ ነበር። ከሁለቱም አንድ እርምጃ ርቄ ቆሜ ዝም አልሁ።

አቶ ሙሀመድየሱፍ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት ወረቀት መብሻ አንሥተው አቶ ግሩምን ከግራ ዓይናቸው በላይ አንድ ጊዜ መቷቸው። ሁለተኛ አልመቱም። መብሻውን መልሰው ከነበረበት አስቀመጡትና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጥበቃው ሲገባ እጃቸውን ሰጡ።

ሰኔ 6 ቀን አቶ ግሩምን በተኙበት ሆስፒታል ጠየቅኋቸው። ስምንት ቦታ ተሰፍተው ዓይናቸው ታሽጎ ነበር። «መሲ ነግራኛለች። እኔ ለፖሊስ አልተናገርሁም፤ መናገሩ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ሰኔ 9 ቀን ወይዘሮ ሐሊማ ሊብሬውን ለመውሰድ ብቻቸውን መጡ። የወረታው ነጋዴ ሌላ መኪና መግዛቱን ነገሩኝ። ሊብሬውን ፈርመው ተቀበሉና «ከዚህ ቤት ሰው ሆነሽ ያነጋገርሽን አንቺ ነሽ። አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ መሸከም አልቻልሁም። ደብዳቤው የት እንደነበረ፣ ለመሲ ምን ብዬ እንደሄድሁ፣ በስልክ ለባለቤታቸው ምን እንደመለስሁላቸው ሁሉንም ነገርኋቸው።

ወይዘሮ ሐሊማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከግንቦት 18 ጀምሮ ያሉትን ማክሰኞና ዓርቦች በጣታቸው ቆጠሩ። «አራት እጥበት ነበራት። የታጠበችው አንዱን ነው» አሉ። ሁሉንም ታጥባ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም ብሎ ሐኪሙ እንደነገራቸውም ነገሩኝ። ከዚያ ተነሥተው «ለእሱ እኔ አልነግረውም። ራስሽ ሂደሽ ንገሪው» ብለውኝ ወጡ።

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወደ ጣቢያው መጥቼ፣ በዋና ሳጅን ብሩክ ፈቃድና እሳቸው ባሉበት፣ አቶ ሙሀመድየሱፍን አገኘኋቸው። ለወይዘሮ ሐሊማ የነገርሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ የአቶ ግሩም ዓይን ተርፎ እንደሆነ ነው። ዓይናቸው እንደዳነ ነገርኋቸው። እጃቸውን ተመለከቱና «ምንም ያላደረገኝን ሰው ነው የመታሁት» አሉ። እኔ ማልቀስ ስጀምር «እህቴ፣ እንዳጽናናሽ ከሆነ የመጣሽ፣ የምሰጥሽ የለኝም» አሉኝ። ወደ ማረፊያ ክፍሉ ልመለስ ብለው ሳጅኑን ጠየቁ፤ ተመለሱ።

ስለ ጉዳዩ የማውቀው ይህ ነው። አቶ ግሩም ደብዳቤውን አልደበቁም። ደብዳቤው የተቀመጠው በእኔ ትእዛዝ፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቃሌ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል፤ የተጨመረበትም የጎደለበትም ነገር የለም። ማንም ሳያስገድደኝ እውነቱን የተናገርሁ መሆኔን፣ ፍርድ ቤት ብጠራም አቶ ሙሀመድየሱፍ ባሉበት ይህንኑ የምደግም መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኢትዮጵያ ጥዑመ ልሳን (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ብሩክ ክንዱ (ተፈርሟል)
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር