ማሽላው እየተበላ የቆመው አውሮፕላን

በ1978 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ አቶ ዋበሪን በድሬ ዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አገኘኋቸው። የመልካ ጀብዱ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸው ላይ አንበጣ አርፎ ስላደረ፣ ቦታውን ለመድኃኒት ረጪው አውሮፕላን ሊያሳዩ ሌሊቱን በእግራቸው መጥተዋል።

«አቦ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ተናገርልኝ!» ብለው እጄን ይዘው ጎተቱኝ። «ፀሐይ ስትሞቅ አንበጣው ይነቃል፣ ይበላል። ይህ ልጅ ግን ግመል እንደሚገዛ ሰው አውሮፕላኑን ይዞረዋል!»

ልጁ ያሉት ወጣቱን አብራሪ ካፒቴን ክፍሉን ነው። እውነትም ክንፉን በእጁ ይዳስሳል፤ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያያል፤ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል።

«ካፒቴን፣ ትናንት በደህና የገባ አውሮፕላን አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ትናንት ደህና ነበር፣ ጓድ ጸሐፊ። የዛሬውን ግን ገና አላየሁም።»

«መኪና ሲቆም ገፍተን እናስነሳ የለም እንዴ!» አሉ አቶ ዋበሪ።

«ሰማይ ላይ ቢቆምብኝስ ማን ይገፋልኛል፣ አባቴ?»

እውነቱን ነው አልኩ። አዛውንቱ ደግሞ «የስምንት ልጆች ጉሮሮ ነው!» ሲሉ እሳቸውም ልክ ሆኑብኝ። ተምሬያለሁ ብዬ የምኮራ ሰው፣ ከማን ወገን እንደምቆም ጠፋኝ። ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ክፍሉ ከክንፉ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ቀዳ። ከነዳጁ በታች ሌላ ነገር ተኝቶ ነበር።

«ውሃ!» አለ፣ ፊቱ ተለዋውጦ። «ማታ የቀዳንባቸውን የነዳጅ በርሜሎች ማን ነው ያቆማቸው? ተጋድመው አልነበሩም?»

ዘበኛው ካሣ ራሱን አከከ። «ለአብዮት በዓል ግቢው ይመር ተብሎ... እኔ ነኝ በረድፍ ያቆምኳቸው።»

ለካ የሰሞኑ ዝናብ ክዳናቸው ላይ ተጠራቅሞ ወደ ውስጥ ሰርጓል።

«ይህች ጠብታ ምን ታደርጋለች?» አሉ አቶ ዋበሪ፣ ግራ ተጋብተው።

«ተነስቼ ጥቂት እንደሄድኩ ሞተሩ ይጠፋል። እኔ እወድቃለሁ፣ መድኃኒቱ ይደፋል፤ ማሽላዎም ያው ይበላል።»

አዛውንቱ ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት፤ አሸተቱት።

«ያ አላህ! ሂድ ሂድ እያልኩ ልገድለው ነበር» አሉኝ። እኔም አብሬ እንደወተወትኩ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ውሃ የገባበት ነዳጅ እስኪራገፍና ንጹሑ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ፈጀ። መድኃኒቱ ሲረጭ የማሽላው ግማሽ ተበልቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጉዳቱን ልመዘግብ ስሄድ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኻድራ ባላቸው ላይ ይጮኹ ነበር። «አውሮፕላኑ ፊታችሁ ቆሞ ምን ትጠብቁ ነበር? ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?»

«ግማሹን ይበላሉ» አሉ አቶ ዋበሪ። «ልጁ ነዳጁን ሳያይ ቢነሳ ኖሮ ይቺም አትኖርም ነበር። ነገ ደግሞ ለጎረቤት ይረጫል፤ የሞተ ልጅ ለማን ይረጫል? ማሽላ ለከርሞ ይዘራል፣ ኻድራ። ያን ልጅ ለእናቱ ከየት አምጥቼ እዘራላት ነበር?»

ወይዘሮ ኻድራ ጎንበስ ብለው የተረፈውን ማሽላ ማቃናት ጀመሩ።