በጆሮ በኩል የመጣ እርዳታ

አንድ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን በሆስፒታሉ ደረጃ ቁልቁል ሲጣደፉ አገኘኋቸው። ከግማሽ ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ዝሏል። የእህታቸው ልጅ፣ የነርቭ ሐኪሟ፣ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች።

«መምህር፣ ደግ መጡ! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ይህች ልጅ በጆሮዬ ኤሌክትሪክ ልትሰድድብኝ ነው። የታመመው እጄ፣ ጆሮዬ ምን አጠፋ?»

ሳቄ መጣ። ግን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነውና ሦስታችንም ተመልሰን ክፍሏ ገባን።

«ጋሼ፣ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ» አለች። «ከአንጎል ተነሥቶ በአንገት አድርጎ እስከ ልብና ሆድ ይወርዳል። አንዲት ቅርንጫፉ ግን ጆሮ ላይ ብቅ ትላለች። እሷን በስሱ ኤሌክትሪክ ስንነካካት መልእክቱ ወደ አንጎል ይወጣል፤ አንጎልም ይነቃቃል። ያን ጊዜ እጅዎን ብናለማምደው ትምህርቱ ይበልጥ ይይዘው እንደሆነ እያጠናን ነው።»

«ቢላዋስ?»

«ቢላዋም መርፌም የለም።»

«ብቻውን ያድናል?»

«አያድንም። ልምምድን የሚተካ ነገር የለም። ጥናቱም ገና ስላላለቀ፣ ይጠቅምዎታል ብዬ አልምልም።»

አዛውንቱን ያለሰለሳቸው ይህ ይመስለኛል። «ዕቃዋን የማታጋንን ነጋዴ ትታመናለች» ብለው አጉረመረሙ። ወዲያው ግን «በይ፣ መጀመሪያ አንቺው ሞክሪው!» አሏት።

ከትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር የተያያዘውን መቆንጠጫ ጆሮዋ ላይ ሰካች።

«ምን ይላል?»

«ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስላል።»

«ጉንዳንማ አልፈራም!» ብለው ጆሯቸውን አቀረቡ።

ባለ ሽቦ ቆብ አጠለቀችላቸውና የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር አሳየችን። መሣሪያው ሲከፈት ማዕበል የሚመስሉት መስመሮች መልካቸውን ለወጡ።

«ይኼ ሁሉ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ተኝቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር!» አሉና እንባ ባቀረረ ዓይናቸው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልቀሩም። ጆሯቸው በመሣሪያው፣ እጃቸው በጨርቅና በቁልፍ ሲሠራ ስድስት ሳምንት አለፈ። በሰባተኛው የካፖርቴን ቁልፍ ራሳቸው ተከሉልኝ። ትንሽ ተንጋዳለች፤ ግን ጠብቃለች።

«ከመሣሪያው ይሁን ከልፋቴ እኔ አላውቅም፤ መለየቱ የሷ ሥራ ነው» አሉኝ። «እኔ የማውቀው በዚያ ደረጃ ወርጄ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ሰው ያጎርሰኝ እንደነበር ነው።»

ያልተለመደን ነገር ሁሉ እንቀበል አልልም። ጠይቀን፣ አይተን፣ ጉዳትና ጥቅሙን አመዛዝነን ግን እንሞክረው። አእምሮ በሽምግልናም ይማራል። ልብስ ሰፊው ዛሬ ወረፋ የሚጠብቁትን በሽተኞች ሁሉ የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ አንድ የሚያመነታ አናጢ ሲያዩ ትከሻውን መታ አድርገው «ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጆሮህን ስጣቸው፤ ከዚያ እጅህን እስኪያልብህ አሠራው!» ይሉታል።