ከሦስት የተጀመረ ሕመም

ጋሼ ሜትሩን በሆስፒታላችን ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው ሰው ሊጠይቁ የመጡ መሰለኝ። እሳቸውም እንደዚያ እንዲመስለኝ ፈለጉ።

«ማን ታሞብዎት ነው ጋሼ?»

«የአክስቴ ልጅ ነው፤ አታውቂውም» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አድርገው።

«እግዜር ይማርልዎት። የተኙት ሕሙማን ግን ላይኛው ፎቅ ናቸው፤ ይምጡ ላሳይዎት» ብዬ ደረጃውን ቀደም ቀደም እያልሁ ወጣሁ። ጥቂት ከወጣሁ በኋላ ዞር ስል ጋሼ የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ቀኝ እግራቸውን አንሥተው፣ ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል።

«የአክስቴ ልጅ ይቆየኝ» አሉ። «በሽተኛው እኔ ነኝ።»

ጋሼ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይጠፋ «ሜትሩ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ ያን ቀንም ረስተውት እንደተንጠለጠለ መጥተዋል። የተመረቅሁበትን ቀሚስ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ በዚያ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተቀጥሬ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ይህንን ያውቃሉ፤ የሸሹኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ደግፌ መለስኋቸውና በሕመም ሕክምና ክፍል በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኋቸው።

«ቀጠሮዎ እዚህ ከሆነ ለምን አይገቡም?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከጠዋት ጀምሮ ይህን በር እየጠበቅኩት ነው። ሰው ይገባል። የሚወጣ ግን አላየሁም።»

«የሚወጡት በወዲያኛው በር ነው ጋሼ። እንቅስቃሴ ወደሚሠሩበት አዳራሽ ያስወጣል።»

«እሱን ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉ፣ የሜትሩን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ። «አንቺም የነሱ ወገን ነሽ።»

ወገን መሆኔን አልካድሁም። ክርክር አይሆንልኝም። ዝም ስል ግን ሰው ራሱ ይናገራል፤ ጋሼም ተናገሩ። ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ፣ የስፌት መኪናውን ፔዳል በረገጡ ቁጥር፣ እንደ ጋለ ሽቦ እስከ ተረከዛቸው ይወርዳል። ያለፉትን ዓመታት ከሱቅ ኪኒን እየገዙ ገፏቸው፤ አሁን ኪኒኑ ሕመሙን ትቶ ጨጓራቸውን ይዟል። ቅዳሜ አንድ ሰው የስፌት መኪናቸውን ሊገዛ ይመጣል። መኪናው የአባታቸው ነበር።

«ከሸጡት በኋላስ ምን ሊሠሩ ነው?»

«በር ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ስፌት አነውራለሁ። እሱ እግር አይፈልግም።»

«እዚህስ ባለፈው ምን አሉዎት?»

«ብዙ አሉኝ። ያላመንኳቸውም ለዚህ ነው። ለአንድ ወገብ ስንት ሐኪም! አንዷ መድኃኒት ጻፈች፤ ፋርማሲ ስጠይቅ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው አለኝ። እኔ መቼ ወድቄ አውቃለሁ? አንዱ ደግሞ ከባሰብዎ ጀርባ ላይ የሚወጋ መርፌ አለ ይላል። መርፌ እኔም አለኝ። ሌላዋ እንቅልፍዎ እንዴት ነው፣ ሐሳብ ያበዛሉ ወይ ትለኛለች፤ እብድ ነው ለማለት አፍራ ነው። ይህን ሁሉ ብለው ሲያበቁ ሕመሙ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል አሉኝ። ጨርሼ የማልሰፋውን ጨርቅ እኔ እቀበላለሁ?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ብዙ ኪኒን ያታለለው ሰው ሐኪሙንም ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ጀመርሁ።

«መድኃኒቱ ያለ ልክ የሚጮህ ነርቭን ያረጋጋል። ለዚያም በሽታ ለዚህም ያገለግላል፤ አንድ መቀስ ቀሚስም ሱሪም እንደሚቆርጠው።»

«መርፌውስ? የወጋኝ እጅ ቢስት ሽባ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።»

«አደጋ ፈጽሞ የለውም አልልዎትም። በምስል እያዩ ነው የሚወጉት። ከዚያ በፊትም ጥቅሙንና ጉዳቱን ነግረው ይጠይቁዎታል። አይሆንም ቢሉ ሌላውን ሕክምና አይከለክሉዎትም።»

«አይሆንም ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል።»

ይህኛው ደግሞ ምን ሊያስከትል ነው በሚል ዓይን አዩኝ። «እብደቱስ?»

«ተናደው የሰፉት ስፌት እንዴት ይሆናል ጋሼ?»

«ይጨማደዳል።»

«ሰውነትም እንቅልፍ ሲያጣና ሲሰጋ እንዲያው ነው። ሕመሙ ይብስበታል። ስለ እንቅልፍዎ የጠየቀችዎት ለዚህ ነው።» ቀጥዬም ጠየቅኋቸው። «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ብለውዎት ነበር?»

«ብላኛለች ሐኪሟ። ሦስት አልኳት።»

ላባቸው ገና አልደረቀም። «ሦስት?»

«ምን ልበል ታዲያ? የመጀመሪያ ቃል እኮ የመጨረሻ አይሆንም። ጨርቅ ስገዛም ከታች ነው የምጀምረው። አሥር ብላት በቀጥታ ለቢላዋ ትሰጠኛለች። ሦስት ብዬ ብጀምር፣ ኧረ አይመስለኝም ትላለች፣ ከፍ እላለሁ፣ መሐል ላይ እንገናኛለን ብዬ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ጻፈችው።» የተታለለ ሰው ፊት ነበራቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጋሼ ግን አልደበቁም፤ ተከራክረው ቀነሱት እንጂ። ሐኪሟም ለሦስት የሚሆን ጥቂት መድኃኒት ሰጥታ ቀጠሮውን አራዘመችው። ይህንን ፊት ለፊት ብነግራቸው ያፍራሉ፤ እኔም ከሳቸው ይልቅ አፍራለሁ። አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር አየሁት።

«ጋሼ፣ ልክ ሲወስዱ ሆዱን ስቦ የሚቆም ደንበኛ ገጥሞዎት አያውቅም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ሞልቷል። በተለይ ሙሽራ። ሲለካ ሸምበቆ ነው፤ ሲቀመጥ ቁልፉ ተፈናጥሮ የአማቱን ዓይን ይመታል። ከዚያ አጥብቦ ሰፋብኝ እያለ ስሜን ያጠፋል።»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የሱ ነዋ። እኔ የለካሁት ያሳየኝን…» ቃሉን አልጨረሱትም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። ጋሼ ይህን ጊዜ በሩን አላዩም።

«ስምንት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጠዋት ጠዋት ዘጠኝ።»

«እንደዚያው ይንገሯት። ከሱቅ የሚገዙትን ኪኒንም አይደብቁ፤ ካላወቀችው በላዩ ሌላ ትጨምርና ጨጓራዎን ትጎዳዋለች።»

«እሺ። ካልወጣሁ ግን ለሚስቴ ንገሪልኝ» ብለው ገቡ።

በወዲያኛው በር ወጡ። የሱቁ ኪኒን ቆመ፤ ጨጓራቸውም ታከመ። የነርቩ መድኃኒት ቀስ በቀስ ከፍ ተደረገ። የወገብ እንቅስቃሴውን እኔ አሳየኋቸው፤ አንድ ሱሪ ሲጨርሱ ተነሥተው መንጠራራትንም ለመዱ። ስለ እንቅልፋቸው ከጠየቀቻቸው ባለሙያ ጋር ሲያወሩ ቆዩና ሌሊቱን መተኛት ጀመሩ። መርፌውን አንድ ጊዜ አይሆንም አሉ፤ ማንም አልተቆጣቸውም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሳቸው ጠየቁት። ሕመሙ አልጠፋም። አሁን ሲጠየቁ ሦስት ነው ይላሉ፤ ይህኛው ግን የእውነት ሦስት ነው፣ በእሱም ፔዳል ይረገጣል።

መኪናውን ሊገዛ የነበረው ሰው ያን ቅዳሜ መጥቶ ትንሽ ጠብቅ ተብሎ ተመልሶ ነበር። ከወራት በኋላ ተስፋ ቆርጦ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ጋሼ «ሆድህን ልቀቅ» ብለው ልኩን ወሰዱለት።