ሐጂ ሙህዲን የወደዱት ጸጥታ

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሐጂ ሙህዲንና ሰቢሪና ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ ነበር፤ እኔ የሐጂ የሰፈር ሰው ነኝና ከኋላቸው ነበርኩ። ሐጂ ሮቤ ያለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ የቦርድ ሰብሳቢ ናቸው። ሰቢሪና ደግሞ እዚያው አድጋ ዛሬ ነርስ የሆነች ወጣት ናት። "አካም ጅርቱ፣ ሐጂ" ብላ እጃቸውን ሳመች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው፣ ለልጆቹ አዲስ አሳዳጊ አባትና እናት ሊቀጥሩ እየሄዱ መሆናቸውን ነገሯት። ጀሊል የሚባል ሰውና ሚስቱ ናቸው። ሽማግሌዎች መስክረውላቸዋል፤ ሶላት አያጓድሉም፤ የጀሊልንም አባት ሐጂ ራሳቸው ያውቁ ነበር።

"ልጆቹስ አይተዋቸዋል?" አለች ሰቢሪና።

ሐጂ ሳቁ። "ልጅ ደግሞ አሳዳጊውን ይመርጣል እንዴ?"

እኛ እንዲህ ነን። ፈረስ ስንገዛ ጥርሱን ከፍተን እናያለን፣ ጋልበንም እንፈትነዋለን። ወላጅ ለሌለው ልጅ አሳዳጊ ስንቀጥር ግን የማን ልጅ ነው ብለን ጠይቀን እንጨርሳለን።

ሰቢሪና የበፊቱም አሳዳጊ በሽማግሌ ምስክርነት እንደ ገባ አስታወሰቻቸው። ሐጂ ይህን አልወደዱም። ያ ሰው ሥርዓት አዋቂ እንደ ነበር፣ በየጁምዓው ሲጎበኙ አንድም ልጅ ሲንጫጫ ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

"ደራራን ያስታውሱታል?"

"የጠፋውን? ጥጋበኛ ነበር።"

"ጥጋበኛ አልነበረም፣ ሐጂ። ሌሊት ፍራሹ ላይ ይሸና ነበር። አሳዳጊያችን ጠዋት ጠዋት እርጥቡን ፍራሽ አሸክሞ መንገድ ዳር ያቆመዋል፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ እያዩት ያልፋሉ። አንድ ቀን ፍራሹን እዚያው ጥሎ ወደ ጎሮ ገበያ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ። በዚያው ቀረ።"

ሐጂም፣ "ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?" አሉ።

"በየጁምዓው ተሰልፈን እንቀበልዎት ነበር፤ እሱ ከኋላችን ይቆማል። እርስዎም 'ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ አደብ ነው' ብለው አመስግነውት ይሄዳሉ። ለማን እንንገር?"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዳር ዳሩን ያለው ስንዴ እስኪያልቅ አሻግረው አዩ። ሮቤ ስንገባ በትንሽ ድምፅ፣ ምን ይሻላል ብለው ጠየቋት። እሷም አስረዳቻቸው፦ ባልና ሚስቱ ከመቀጠራቸው በፊት ሌላ ሠራተኛ ባለበት ከልጆቹ ጋር ይሰንብቱ፤ ከመስካሪዎቹ ሽማግሌዎች ይልቅ ጎረቤታቸውና አብሯቸው የሠራ ይጠየቅ፤ ልጆቹም ለብቻቸው ይሰሙ፤ ሐጂም ቀን ሳይቆርጡ ድንገት ይምጡ።

ሐጂ እንደ ምክሯ አደረጉ፤ ጀሊል ከልጆቹ ጋር መሰንበት በጀመረ በአራተኛው ቀን ከነሚስቱ ጥሎ ሄደ። አልጋው ላይ ለሚሸና ልጅ አንሶላ አልለውጥም አለ፤ አላህ ይስጠው፣ ቶሎ ተናገረ። በቦታው በዚሁ መንገድ ተፈትነው የገቡት ቀነዓና ሀዋኒ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ዛሬ ያ ቤት ይንጫጫል። ልጆቹ ይጣላሉ፣ ወጡ ጨው በዛበት ብለው ያማርራሉ፤ ሌሊት የሸና ልጅ ሀዋኒን ቀስቅሶ አንሶላ ይለውጣል፤ እስካሁንም የጠፋ የለም። ሐጂ ሲመጡ የሚሰለፍ ልጅ የለም፤ አንዷ እጃቸውን ይዛ ክስ ትጀምራለች፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሐጂ ሙህዲን አሁን በገበያ ቀን ጎሮ ይወርዳሉ፤ በልጆች መካከል እየዞሩ ደራራ የሚባል ታውቃላችሁ ወይ ይላሉ። ደራራ በሕይወት ካለ ጢም ያወጣ ጎልማሳ ነው። ይህን ሊነግራቸው የደፈረ ሰው እስካሁን የለም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።