የጥሩምባ ነፊው ግራ ጉንጭ

ጋሽ ጋቭሪሎ የመንደሩ ሠርግ ሁሉ ያለ እሳቸው ጥሩምባ የማይደምቅ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ቤልግሬድ የጥርስ ሕክምና ተምራ የተመለሰችው የጎረቤታቸው ልጅ ኔቬና መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሰላም ብላቸው ስታበቃ ዓይኗ ግራ ጉንጫቸው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ እብጠት መቼ ጀመረዎት?»

«እብጠት አትበይው! የነፊ ጉንጭ ነው። ፕለም ከሚባለው ፍሬ በወጣ አረቄ አሸዋለሁ፤ አያመኝም።»

«ትንፋሹ ወደ ሁለቱም ጉንጭ አይደል እንዴ የሚሄደው? ታዲያ ቀኙን እንዳያብጥ ምን ከለከለው?»

ጋሽ ጋቭሪሎ ሊስቁ ዳድቷቸው ተዉት። የመንደሩ ሰው የሙያ ምልክት ነው እያለ ሲያሞግሳቸው ኖሯል እንጂ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

«በግራ በኩል የታችኛው የመጨረሻ ጥርስዎ ወጥቶ ያውቃል?»

«እሱማ ጭራሽ አልበቀለም። የሌለ ጥርስ ምን ያደርገኛል?»

«አልወጣም ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ጋሼ። አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ይቀርና ዙሪያውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሊያበጅ ይችላል። ያ ከረጢት አጥንቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ክፋቱ አለማመሙ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ዕጢ ይለወጣል፤ ያኔ መንጋጋ እስከ መቁረጥ ይደረሳል።»

«ስለ ቢላዋ አታውሪኝ ልጄ! በሚመጣው ወር ልጄን እድራለሁ። ከንፈሬ ቢደነዝዝ በምን ልነፋላት ነው?»

«አልዋሽዎትም፣ የከንፈር ነርቭ በዚያው መንጋጋ ውስጥ ስለሚያልፍ ጥርሱ ሲወጣ ሊደነዝዝ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ላይመለስም ይችላል። ከረጢቱ ባደገ ቁጥር ግን አደጋው ይብሳል። መንጋጋ ከሌለ ጥሩምባውን ምን ላይ ያሳርፉታል?»

ብታባብላቸው ኖሮ ተሳፍረው በሄዱ ነበር። እውነቱን ሳትሸፋፍን ስለነገረቻቸው አውቶቡሱን አሳልፈው ወደ ክሊኒኳ ተከተሏት። የመንጋጋ ራጅ ሲነሱ ጥርሱ ከነከረጢቱ ተጋድሞ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከረጢቱ ሲመረመርም ገና ወደ ዕጢ አልተለወጠም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ከንፈራቸው እንደደነዘዘ ነበር። ጥሩምባውን ሞከሩት፤ ባዶ ትንፋሽ ወጣ። እንባቸው መጣ።

አንዱ ጎረቤት «ያቺ ልጅ ሠርጉን አበላሸችብህ!» አላቸው።

«ዝም በል!» አሉት። «ሳያመኝ ሄጄ በትንሽ ቁስል ተገላገልኩ። እስኪያመኝ ብጠብቅ መንጋጋዬን ይዤ አልመጣም ነበር። ጉንጩ ያበጠበት፣ ጥርሱም ያልወጣለት ሁሉ ነገ ዛሬ ሳይል ይታይ!»

ሙሽራዋ እጃቸውን ይዛ «አባዬ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ይንፋ፤ አንተ ጨፍርልኝ» አለቻቸው። ጨፈሩም።

ከረጢቱ የበላው አጥንት ውሎ አድሮ ሞላ፤ ከንፈራቸውም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ ጥሩምባቸውን ቢለቁት፣ ሕፃኗ ደንግጣ እሪ አለች። ጋሽ ጋቭሪሎም ከደስታ ብዛት አብረዋት አለቀሱ።